የጋሼ ቁርስ

…ያስተኛ ቤቱን አስዘረፈ፣ ሕመም ዘበኛ ነው፣ ዘበኛውን ያስተኛ ቤቱን አስዘረፈ፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ አገጫችንን ቀና አድርገን፣ በሰልፍ ቆመን በአንድ ድምፅ የምንለው ይህንን ነበር፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን በመስመሩ መካከል እየተመላለሰ ቃሉን ሳይሆን አፋችንን ያዳምጣል፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን ይለየዋል፣ አንተ፣ ድገም፣ ሕመም ምንድን ነው፣ ዘበኛ ነው ጌታዬ፣ ዘበኛውን ያስተኛስ፣ ቤቱን አስዘረፈ ጌታዬ፣ ግባ ወደ ቦታህ። ወደ ቦታዬ ገባሁ። እነሆ ጸጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ ዝሎ፣ በክለቡ ጠባብ የስብሰባ ክፍል በጠረጴዛው ራስ ተቀምጬም ከዚያ ሰልፍ አልወጣሁም።

እንጀምር ጋሼ፣ ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ እንጀምር እላለሁ፣ ጸሐፊዋ የብዕሯን ክዳን ነቅላ በጥርሷ ትይዘዋለች፣ ከአፍሽ አውጪው ልላት እፈልግና እተወዋለሁ፣ ዛሬ የምቆጣበት አላነሰኝም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። የሯጮቹ አሠልጣኝም እኔ ነኝ። ግድግዳውን ተጠግታ፣ ጄሶ ያለበት እግሯን በሌላ ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ክራንቾቿን አጠገቧ አስደግፋ የተቀመጠችውም የልጄ ልጅ ናት፣ አባቷ፣ ልጄ፣ ሲሞት ከነጡጦዋ የተረከብኋት፣ መራመድ ሳትለምድ መዝለል ጀምራ ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ያላት። ሰብሳቢ፣ አሠልጣኝ፣ አያት። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በረንዳው ላይ ክንዴን ይዞ፣ ጋሼ ለዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ይሰብስበው፣ ሥጋዎ ናት፣ ይከብድዎታል፣ አለኝ፣ የሌላ ሰው ልጅ ስቀጣ ያልከበደኝ የራሴን ስቀጣ የሚከብደኝ ከሆነ ድሮውንም ዳኛ አልነበርሁም፣ አልሁት፣ ትከሻውን ሰብቆ ገባ።

ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ጉዳቱን የደበቀ ሯጭ እስኪድን ከውድድር ይታገዳል፣ በክለቡ ያለው ቦታ ግን ይጠበቅለታል። ኮሚቴ ፊት የዋሸ ይሰረዛል። አለቀ፣ ሌላ ቃል የለውም። አንደኛው በር ጠባብ ነው እንጂ ያስወጣል፣ እውነቱን ከተናገረች አጥንቷ እስኪገጥም ትቀመጣለች፣ ሕክምናውም፣ የመሮጫው መሙም፣ ቦታዋም ይጠብቋታል። ሁለተኛው በር ወደ ገደል ነው፣ የተሰረዘ ሯጭ የሚቀበል ክለብ የለም፣ በክራንች የሚሄድ የተሰረዘ ሯጭማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል፣ ልጅቷ ደግሞ ከሩጫ ሌላ የያዘችው ሙያ የላትም፣ ትምህርቱንም ለሩጫ ብላ ነው የተወችው፣ ተይ እያልኋት። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ደንቡን በቃሏ ያስጠናኋት እኔ ነኝ፣ በቁሟ፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

እኔ ደግሞ እውነቱን አውቃለሁ። ማወቄን አታውቅም። ሰብሳቢ መሆን ማለት ይህ ነው እንግዲህ፣ የምታውቀውን እንደማታውቅ ሆኖ መጠየቅ።

አውራ ጣቴን አየዋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል የደረቀ፣ ይህ ጣት ሲያምኑት የኖረ ጣት ነው፣ በየማለዳው ሰውነት ከማሟሟቃቸው በፊት ሯጮቼ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ ካልሲያቸውን ወደ ታች ይጠቀልላሉ፣ እኔ በየተራ በርከክ እያልሁ የእያንዳንዳቸውን ቅልጥም ከጉልበት በታች ጀምሬ እስከ ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቴ እየተጫንሁ እወርዳለሁ፣ ዓይኔ ግን እግር አያይም፣ ፊት ነው የሚያየው፣ አፍ ይዋሻል፣ ቅንድብ አይዋሽም፣ ቅንድቡ የተንቀሳቀሰ ዕለት ያ ልጅ አይሮጥም፣ ቢያለቅስም አይሮጥም፣ ቢምልም አይሮጥም። ራጅ ብርቅ በነበረበት ዘመን ስንት ስንጥቅ ያገኘ ጣት ነው። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰምተው ይሣሣቃሉ፣ ጋሼ ቅባት ቢጤ ይደረግልዎ፣ ይለኛል አንዱ ቀልደኛ፣ ዝም በል፣ ካልሲህን ዝቅ አድርግ፣ እለዋለሁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይንፈቀፈቃሉ፣ ልጅነት ነው ብዬ አልፋለሁ።

የልጄ ልጅ የወደቀች ዕለትም ቅልጥሟን ተጫንሁት። ኋላ የተሰበረውን ያንኑ ቦታ። ፊቷ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር፣ እንዲያውም ፈገግ አለችልኝ፣ አለፍሽ አልኋት፣ ተነሺ፣ አለፍሽ፣ መሙን አጋምሳ ኩርባው ላይ ስትታጠፍ ድምፁ ከወዲያ ማዶ ድረስ መጣ፣ ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ልጅቷ ወድቃለች፣ ሰዓቱ እጄ ላይ መሮጡን ቀጥሏል፣ እስከ ሆስፒታል ሲሮጥ ነበር፣ ማቆሙን የረሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅላ በጣቷ መስመር ተከተለች፣ ወጣት ናት፣ ንግግሯ ግን የበሰለ ነው፣ አባቴ ይህ የዛሬ ስብራት ብቻ አይደለም፣ ስንጥቁ ቆይቷል፣ ይኸው ጠርዙን ይዩት፣ አጥንቱ ሊጠግን ሲታገል እየተረገጠበት ነው የሰፋው፣ እንዴት ሳያማት ቀረ፣ አለች። በየማለዳው የምዳስሳት እኔ ነኝ፣ ቢያማት አውቅ ነበር፣ አልኋት። አየችኝ። ሐኪም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያያል፣ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ለአንተ ሲል ሲውጠው። ጥቂት ውጭ ይጠብቁኝ አባቴ፣ አለች።

ውጭ ማለት መጋረጃ ነበር። አረንጓዴ፣ በቀለበት የተንጠለጠለ፣ ከወለሉ ከፍ ያለ፣ የሐኪሟን ጫማ አያለሁ። ላዳምጥ አልፈለግሁም፣ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ምን ስትወስጂ ነበር፣ ልጄ ጨጓራሽ እየደማ ነው፣ ካልነገርሽኝ ልረዳሽ አልችልም። ያው ኪኒን ነዋ ዶክተር። የምን ኪኒን። የእብጠት፣ የሕመም፣ ዳይክሎፌናክ፣ እሱ ሲጠፋ አይቡፕሮፌን፣ ያገኘሁትን። ማን አዘዘልሽ። ማንም፣ ከመድኃኒት ቤት ራሴ ነኝ የምገዛው። መቼ መቼ ነው የምትወስጂው። እዚህ ላይ ሳቀች፣ እግሯ ተሰብሮ በጀርባዋ ተኝታ ሳቀች፣ ከጋሼ በፊት ነዋ፣ ጣቱን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ኪኒኑ እንዲሠራ፣ የጋሼ ቁርስ ነው የምንለው። የምንለው? ያው ሁሉም ሲያመው ይውጣል ዶክተር፣ ስሙን ያወጣሁለት ግን እኔ ነኝ።

የምንለው፣ የምንለው፣ አንድ ሰው ቢያታልልህ ሌባ ነው፣ ሁሉም ካታለሉህ ምን ይባላል፣ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ካልሲያቸውን ጠቅልለው፣ ቁርሴን በልተው፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ ከፊታቸው ስንበረከክ የሣቁት ለጉልበቴ አልነበረም፣ ቀልዱ እኔ ነበርሁ፣ ጣቴ የሞተ ሥጋ ነበር የሚነካው፣ እኔ የቆምሁበት ቦታ የታጠረ ሜዳ መስሎኝ ሳለ ሁሉም በጓሮ በር ይወጡና ይገቡ ኖሯል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፣ መቆጣት ነበረባት፣ መድኃኒቱ ክፉ አይደለም ልጄ፣ አለች፣ ቁርጭምጭሚትሽ ወለም ቢል ለጥቂት ቀን፣ ከምግብ ጋር፣ ተመርምረሽ፣ እኔው ራሴ ላዝልሽ እችላለሁ፣ እብጠቱን ያበርዳል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ የተሰነጠቀ አጥንት ግን አይጠግንም፣ እንዳልተሰነጠቀ አድርጎ ያስረግጥሻል እንጂ፣ ውኃ ሳትጠግቢ በፀሐይ እየሮጥሽ ስትውጪው ደግሞ ኩላሊትሽንም ነው የምትጎጂው፣ ወጌሻችሁ አላየሽም እንዴ። አየኝ፣ አለች ፌንጣ፣ ሲያሸኝ ነው ያወቀው፣ አቁሚ አለኝ፣ ለጋሼ እነግራለሁ አለኝ፣ አለቀስኩበት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ፣ ከዚያ ዝም አለ በቃ፣ በባዶ ሆድሽ አትዋጪ ብሎ በየማለዳው ዳቦ ያመጣልኝ ነበር። ለአያትሽ ለምን አልነገርሽም። አያቴ አንዴ ካሳረፈ አይመልስም።

አንዴ ካሳረፈ አይመልስም። እኔን ነው። የማሳርፈው ላድን ነው፣ ከእኔ በፊት በአንካሳ እግር የቀሩትን ማን ቆጠራቸው፣ ወጌሻውን ጠይቁት፣ በልጅነቱ ሯጬ ነበር፣ ያውም ተስፋ የተጣለበት፣ ቁርጭምጭሚቱን ዳስሼ ተቀመጥ አልሁት፣ አለቀሰ፣ ተቀመጠ፣ ሩጫው እዚያው ቀረ፣ እግሩ ግን ይኸው ቀጥ ብሎ ይራመድበታል፣ አመድ አፋሽ አላደረገኝም ብዬ ነበር፣ የአጥንትን ስም ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል ያስጠናሁት እኔ፣ ሙያውን እንዲማር የላክሁት እኔ፣ ክለቡ ይቅጠረው ብዬ የተሟገትሁለት እኔ። እርሱ ዳቦ ያመጣል። በየማለዳው ስንበረከክ ከፋሻ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክል ነበር፣ ቀና ብሎ አያየኝም፣ አክብሮት መስሎኝ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፣ ፈረሱ ሲጥል ግን ቢያንስ ይፈራገጣል፣ ይህኛው እያለሰለሰ ነው የጣለኝ።

ከመውደቋ በፊት ልብስ መቀየሪያው ጀርባ ስታስመልስ አይቻት ነበር፣ ውድድር ሲቃረብ የሚመጣ ፍርሃት ነው አልሁ፣ ውኃ አቀበልኋት፣ አመሰግናለሁ አባባ አለች፣ አባባ፣ ቤት ውስጥ አባባ ነኝ፣ መሙ ላይ ጋሼ፣ ይህንንም እኔ ነኝ የደነገግሁት።

ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ጠበቅሁ። ራት ላይ ጠበቅሁ፣ መኝታ ቤቴን በር ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ፣ ክራንቿ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል መጣች አልሁ፣ ወደ ሽንት ቤት ነበር። ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ ጠበቅሁ፣ መስኮቱን ዝጋው አባባ በረደኝ፣ ዘጋሁ፣ ኮሚቴው ፊት ስትቀርቢ እውነቱን ብቻ ተናገሪ አልኋት፣ እሺ፣ ከዚያ በፊት ለእኔ የምትነግሪኝ አለ? ምን የምነግርህ አለ፣ አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰምቼሻለሁ ልበላት? ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዳኛ ለተከሳሽ መልሱን አይነግርም፣ አያት ይነግር ይሆናል፣ በዚያች መኪና ውስጥ መሪ ይዞ የነበረው ዳኛው ነው።

ስንጥቁ የቆየ ከሆነ ሕመሙን ምን ሸፈነው፣ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ይጠይቃል፣ ከጠረጴዛው ጥግ ወጌሻው ይነሣል፣ ወንበሩ ወለሉን ይፍቃል፣ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፣ የስንቱን ጅማት ያፍታቱ እጆች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይላል፣ ጸሐፊዋን እያየ፣ ልጅቷ የምታውቀው የለም፣ የሕመም ማስታገሻውን ቫይታሚን ነው ብዬ ነው የሰጠኋት፣ አምናኝ ዋጠች፣ ያለኝ ይኸው ነው።

ቫይታሚን። ለውሸትም እኮ ወግ አለው፣ እስቲ ትንሽ ደከም በልበት፣ የአጥንት ስም ያስጠናሁህ ሰው በቫይታሚን ትመጣብኛለህ። ግን ክፍሉ ሁሉ ይፈታል፣ ወንበሮች ይንቀሳቀሳሉ፣ አንደኛው የኮሚቴ አባል ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ሌላው መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፣ ሥራ አስኪያጁ ትንፋሹን ይለቅቃል፣ እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ነው ጋሼ፣ እሱን እናሰናብት፣ ልጅቷ ተጎጂ ናት፣ ቦታዋ ይጠበቅላት፣ ሌላ ምን ይቀረናል፣ ይለኛል። ወጌሻው አሁን ያየኛል፣ ስንት ጊዜ መሬት ሲያይ የኖረ ዓይን ዛሬ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ይኸው ውሰዳት ይለኛል፣ ዕዳዬን ከፈልሁህ ይለኛል፣ ውለታ በውሸት ይከፈላል ብሎ ማን አስተማረህ፣ እኔ አይደለሁም። ከአንገቴ በቀር የሚጎድል የለም፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ብትል ሁሉም ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሰውየው ከነሙያው ይጠፋል፣ ልጅቷ ትተርፋለች።

እርሷስ፣ የጄሶውን ጠርዝ ክር ትመዝዛለች፣ ትመዝዛለች፣ በጣቷ ትጠመጥመዋለች። ተናገሪ። በየማለዳው ዳቦ ያመጣልሽ ሰው በፊትሽ ራሱን እያረደ ነው፣ ዝም ትያለሽ፣ ኪኒኑን ይቅር ልልሽ እችላለሁ፣ ቁርሱንም፣ ስሙንም፣ ይህን ግን፣ ተናገሪ ልጄ፣ አንቺ የኔ ጉድ፣ አንድ ቃል ነው፣ አይደለም በዪ፣ እኔ ነኝ በዪ፣ ቦታሽ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

ተቀምጠሽ መልሺ፣ እላታለሁ፣ ድምፄ የሰብሳቢው ነው። የምትናገሪው ኮሚቴ ፊት ነው፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ። አውቀዋለሁ ጋሼ። የወሰድሽው መድኃኒት ቫይታሚን ነው ተብሎ ነው የተሰጠሽ? ከውጭ የፉጨት ድምፅ ይገባል፣ ረዳቴ ልጆቹን እያሰለፈ ነው፣ ክሩ ከጣቷ ላይ ተፈትቶ ይወድቃል። አዎ ጋሼ።

ምናልባት ጥያቄውን አላጠራሁት ይሆናል። በሩን ወለል አድርጌ ልክፈተው፣ ከዚህ በላይ ዳኛ አይከፍትም። ራስሽ ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ የዋጥሽው የለም? ጋሼ፣ እኔ ተናገርኩ እኮ፣ ይላል ወጌሻው። ተቀመጥ፣ አንተን አልጠየቅሁም። ቀና ትላለች፣ የአባቷ ዓይን ነው፣ ፊቴን ትመረምራለች፣ ያውቅ ይሆን ብላ ትፈልጋለች፣ ቅንድቤን ትጠብቃለች፣ አላንቀሳቅሰውም፣ ፈልጋ ፈልጋ ምንም ታጣለች።

የለም ጋሼ፣ እሱ የሰጠኝን ብቻ ነው የዋጥኩት።

ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ ፊት፣ ከመውደቋ በፊት ያየሁት ያው ፊት፣ ሐኪሟ ኪኒኑን ከልክላታለች፣ ዛሬ በዚህ ፊት ላይ ምንም መድኃኒት የለም፣ የራሷ ነው።

ጻፊ፣ እላለሁ ለጸሐፊዋ። ሰብሳቢው ሆስፒታል ከመጋረጃ ውጭ ቆሞ ሯጯ ለሐኪሟ የተናገረችውን በጆሮው ሰምቷል። መድኃኒቱን ራሷ ገዝታለች፣ ወጌሻው አቁሚ ብሏታል፣ አውቆም ዝም ብሏል፣ ሐኪሟ ተጠይቃ ሯጯ ከፈቀደች ታረጋግጣለች። ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሼ እባክዎ፣ ይላል፣ ወጌሻው ፊቱን በመዳፎቹ ይሸፍናል። አባባ፣ ትላለች። በዚህ ክፍል ውስጥ አባባ ተብዬ አላውቅም። ሰምተህ ነበር? ሰምቼ ነበር። ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ።

ለምን ጠየቅሁሽ። ለምን እንደ ጠየቅሁሽ ብታውቂ ኖሮ አንጠያየቅም ነበር።

ወጌሻው፣ ጉዳት አውቆ በመደበቁና ኮሚቴ ፊት በመዋሸቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራው ተሰናብቷል። ቁርሱን የበሉት ሌሎቹ ሯጮች በየተራ ይጠራሉ፣ እውነቱን የተናገረ ቦታው ይጠበቅለታል። ብዕሩ ይጫጫራል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሯጯ፣ እላለሁ፣ ጉሮሮዬን አልጠርግም፣ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ኮሚቴ ፊት ሁለት ጊዜ ስለ ዋሸች። ጸሐፊዋ ቀና ትላለች፣ ዓይኗ ውኃ ሞልቷል፣ ሙሉ ስሟን ነው ጋሼ? ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፊው፣ ተሰርዛለች።